«መሬት ሳይጠጥር»፤ የሣር መስክ አጠባበቅ ስያሜዎች ከጉራጌ ጀፎረ እስከ ጎልፍ ሜዳ

1. መነሻ

አንድ የሙያ ቃል ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ሲሻገር የተፈጠረበትን አገር አየር፣ አፈርና የሥራ ልማድ ይዞ ይመጣል። ተርጓሚው ቃሉን ብቻ ተቀብሎ አብሮት የመጣውን ሁሉ ከደጅ ካስቀረው፣ የተተረጎመው ጽሑፍ የሰዋስው እንከን ሳይኖረው ሥራ ያበላሻል። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጉዳይ በአንድ ጠባብ የሙያ ዘርፍ፣ ይኸውም በሣር መስክ አጠባበቅ ስያሜዎች፣ ለማሳየት እንሞክራለን።

ለምሳሌነት የመረጥነው የጎልፍ ሜዳ አጠባበቅ መመሪያን ነው። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚዘጋጁ እንዲህ ያሉ መመሪያዎች አንድ የማይቀር ምዕራፍ አላቸው። ምዕራፉ የዛፍ ቅጠል ረግፎ ካበቃ በኋላ፣ ብርዱ መሬቱን እንደ ድንጋይ ከማድረጉ በፊት፣ ሜዳው ላይ መሠራት ያለበትን ሥራ በተራ ይዘረዝራል። በአገራችን የጎልፍ ሜዳ ብርቅ ነው፤ በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ የሚገኘው ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ለእግር ኳስ ሜዳ፣ ለመናፈሻና ለሆቴል ግቢ ሣር የሚያገለግሉት የሙያ መጻሕፍት አብዛኛውን ቃላቸውን የሚጋሩት ከዚሁ ዘርፍ ጋር ስለሆነ፣ ጉዳዩ የጎልፍ ተጫዋቾች ብቻ አይደለም።

እንግዲህ በመመሪያው ውስጥ የሚገኝ አንድ ዓረፍተ ነገር በተለመደው መንገድ ተተርጉሞ «ከክረምት በፊት የሣር አጨዳ ይቁም፤ የውኃ ቧንቧም ይራገፍ» ተብሎ ቀረበ እንበል። ይህን በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ የሚያነብ የሜዳ ሠራተኛ ክረምት ሲባል የሚገባው ሰኔና ሐምሌ ነው። ስለዚህ ትእዛዙን አክብሮ በግንቦት መጨረሻ፣ ሣሩ ገና ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣ መቁረጡን ያቆማል። ዓረፍተ ነገሩ አማርኛው የቀና ነው፤ ምክሩ ግን ተገልብጧል። የዚህን ስሕተት ምንጭ ለማወቅ በመጀመሪያ የወቅት ስሞችን፣ ቀጥሎም የብርድን ቃላት መመርመር ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የሣር መስክ መጠበቅን ከጥንት ጀምሮ ሥራዬ ብሎ ወደያዘ አንድ የአገራችን አካባቢ፣ ወደ ጉራጌ ጀፎረ፣ እናመራለን።

2. የወቅት ስም ወይስ የወቅት ሥራ?

በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ዓመቱ በአራት ይከፈላል። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ ይባላል። ከዚህ ጎን ለጎን ገበሬው በዝናብና በምርት የሚለካው ሌላ አከፋፈል አለ። በልግ፣ ክረምት፣ ጥቢ፣ መኸር፣ በጋ የሚሉት ስሞች ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለቱ አከፋፈሎች አንዳንድ ቦታ ላይ ይገጣጠማሉ፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ ይለያያሉ። በንግግር ጸደይ የሚለው ቃል ለመስከረም የአበባ ወራት ሲውል የሚሰማውም ከዚህ መደባለቅ የተነሣ ነው።

በብርዱ አገር ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት መጨረሻ በእኛ አቈጣጠር ወደ ኅዳር ይውላል። ይህን ወቅት አንዱ ተርጓሚ መጸው፣ ሌላው መኸር፣ ሌላው በልግ ይለዋል። በቀን አቈጣጠር ከተመዘነ መጸው የሚለው ይገጥማል። በይዘት ግን መጸው ለአማርኛ አንባቢ ዘመነ ጽጌን ያቀፈ፣ እሸት የሚቀመስበት፣ ሰማይ የሚጠራበት ወራት ነው። ቅጠል መርገፍንና የብርድን መምጣት አያስታውሰውም። መኸር የሚለው ቃል የሰብል መሰብሰብን ስለሚያሳይ በከፊል ይቀርባል፤ ነገር ግን በጎልፍ ሜዳ ላይ የሚሰበሰብ ሰብል የለም። በልግ ከሁሉም የራቀ ነው፤ የበልግ ዝናብ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥል በመሆኑ አንባቢውን ወደ ዓመቱ ሌላ ጫፍ ይወስደዋል።

ክረምት የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። የብርዱ አገር ሰው በክረምቱ ከቤት የሚውለው መሬቱ ስለተዘጋ ነው። የእኛ ገበሬ በክረምት የሚደክመው መሬቱ ስለተከፈተ ነው። ከዚያ ወገን የክረምት ዝግጅት ማለት ማቆም፣ ማራገፍና መሸፈን ነው፤ ከእኛ ወገን ደግሞ ማረስ፣ መዝራትና ማረም ነው። «ከረመ»፣ «አከረመ» የሚሉት ግሶች ሁሉ ይህንኑ የዝናብ ወራት ይዘው የተሠሩ ናቸው። ስለሆነም ቧንቧን ለብርድ ወራት ማዘጋጀትን «ቧንቧን ማክረም» ብሎ የተረጎመ ሰው፣ አንባቢው ቧንቧውን ውኃ እንደሞላ እስከ መስከረም እንዲያቈየው የመከረ ይመስላል።

ከዚህ የምናወጣው መመሪያ የሚከተለው ነው። በልብ ወለድና በታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ተርጓሚው መጸው የሚለውን ቃል ይዞ በአገላለጹ ውስጥ ቅጠሉ መርገፉን ቢያሳይ ይበቃዋል። በሥራ መመሪያ ውስጥ ግን የወቅቱን ስም ትቶ የወቅቱን ምልክትና ሥራ መተርጐም ይኖርበታል። «ቅጠል ረግፎ ሲያበቃ»፣ «ሣሩ ማደጉን ሲያቆም»፣ «መሬቱ ሳይጠጥር» የሚሉት አገላለጾች በየትኛውም አገር ለሚገኝ ሠራተኛ ያለ ወር ስም ጊዜውን ያሳውቁታል።

3. በረዶ፣ አመዳይ፣ ውርጭ፣ ቁር

አማርኛ ለብርድ ቃል አያንሰውም። የጐደለው የቃላቱ ድንበር መለየት ነው። በረዶ የሚለው ቃል ከሰማይ ለሚወርደው ጠጠር፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ለሚሠራው፣ በተራራ ራስ ላይ ለሚከመረውና እንደ ብናኝ ለሚወርደው ሁሉ ያገለግላል። ግእዝ በረድ፣ ሐመዳ፣ አስሐትያ የሚሉ ሦስት ቃላት ስላሉት ከዚህ የተሻለ መለያ ነበረው። ከሐመዳ ጋር ዝምድናው የሚታየው አመዳይ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የንጣት ምሳሌ ሆኖ ለብናኙ በረዶ ገብቷል። በደጋ ሰው አነጋገር ግን አመዳይ በማለዳ ሣር ላይ ነጥቶ የሚታየውን ስስ ግርዶሽ ያመለክታል።

ውርጭ ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ሰማይ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት ሰብልን የሚመታው ብርድ ነው፤ «ውርጭ መታው» እንላለን። ሁለተኛው ከደጋ በላይ የሚገኘው የአየር ጠባይ ቀጠና ስም ነው። የጉራጌ ምድር ይህን ሁለተኛ ፍች በዐይን ያሳያል። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ፣ ቡታጅራ ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙ የወይና ደጋ ከተሞች ናቸው። በመካከላቸው ግን የጉራጌ ተራሮች ሰንሰለት ተዘርግቷል፤ ከጫፎቹም አንዱ የሆነው ዘቢዳር ከ3,700 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከሁለቱ ከተሞች ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ ከወይና ደጋ ወደ ደጋ፣ ከደጋም ወደ ውርጭ ያልፋል።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ከፍታዎችም ቢሆን ውርጭ የሚይዘው ቅጠሉንና የመሬቱን ገጽ ነው። መሬቱ ራሱ ለወራት ወደ ውስጥ አይጠጥርም። በሰሜን አሜሪካ አንዳንድ አካባቢዎች ግን በአፈር ውስጥ ያለው ውኃ ከአንድ ሜትር በላይ ጥልቀት ድረስ ይረጋል። ነገሩ በአገራችን ስለሌለ ቃሉም አልተለየም። ስለዚህ የመሬትን በብርድ መጽናት የሚገልጽ ግስ መምረጥ ግድ ይሆናል።

ለምርጫ የሚቀርቡትን ቃላት በተራ እንመልከት። «መሬቱ በረዶ ሆነ» ቢባል አፈሩ ቀርቶ በምትኩ በረዶ የተተካ ያስመስላል። «ቀዘቀዘ» ከሚፈለገው በታች ነው፤ የጥላ ሥር መሬትም ቀዝቃዛ ነው። «ደረቀ» የውኃን ማለቅ ስለሚያሳይ ተቃራኒ ትርጉም ይሰጣል፤ በብርድ የጸናው መሬት ውኃው አላለቀም። «ረጋ» ለቅቤ፣ ለወተትና ለደም ይስማማል፤ ለመሬት ሲሆን ግን «የረጋ መሬት» ጸጥታን ያመለክታል። የሚቀረው «ጠጠረ» ነው። ቃሉ ከጠጠር ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን፣ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ቁስ አካል ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ተብሎ ሲከፈል «ጠጣር» የወጣው ከዚሁ ሥር ነው። በአፈር ውስጥ ያለው ውኃ ከፈሳሽነት ወደ ጠጣርነት ተለውጦ የአፈሩን ቅንጣቶች እርስ በርስ ሲያስራቸው «መሬቱ ጠጠረ» ማለት ሳይንሱንም ቋንቋውንም ያከብራል።

«ጠጠረ» ሌላም ጥቅም አለው። የአገራችን ሰው ይህን ግስ ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ለመታው ዋልካ መሬት ሲጠቀምበት ኖሯል። ከሠራተኛው አንጻር ሁለቱ መጠጠሮች አንድ ናቸው፤ መቈፈሪያ አይገባም፣ ውኃ አይሰርግም፣ ሥር አይንቀሳቀስም። መንሥኤውን መለየት ሲያስፈልግ «በቁር የጠጠረ»፣ «በፀሐይ የጠጠረ» ማለት ይቻላል። «መሬት ሳይጠጥር» የሚለው ሐረግ ግን በሁለቱም አገር ያንኑ ምክር ይሰጣል፤ መሬቱ ከመዘጋቱ በፊት ሥራህን ጨርስ።

4. ጀፎረ፤ የሣር መስክ ባለሙያዎች አገር

በቃላት ሥራ የተለመደው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ በራሱ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በግእዝ፣ ከዚያም በሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች መፈለግ፣ ሁሉም ሲታጣ ከውጭ መዋስ ነው። ለሣር መስክ አጠባበቅ ይህን ፍለጋ የሚጀምር ሰው ጀፎረን ማለፍ አይችልም።

ጀፎረ በተለይ በሰባት ቤት ጉራጌ መንደሮች የሚታወቅ ሰፊና ረጅም የሣር መስክ ነው። ቤቶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተያይተው ይሠራሉ፤ በመካከላቸው የሚተወው ለምለም ሜዳ ጀፎረ ይባላል። የእንሰት ተክል ከቤቶቹ ጀርባ ይሆናል። በጀፎረ ላይ አይታረስም፤ በግል አጥር አይገፋም። ሰው ይሄድበታል፣ ከብት ይግጥበታል፣ ፈረስ ይጋለብበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ሠርግና ለቅሶ ይውልበታል፣ የመስቀል ደመራ ይደመርበታል፣ ሽማግሎች ተቀምጠው ይመክሩበታል። ድንበሩን ያስከበረው የሽማግሎች ሥልጣንና የባህል ሕግ ነው፤ የሰባት ቤት ጉራጌ የባህል ሕግ የጆካ ቂጫ እየተባለ የሚጠራው መሆኑ ይታወቃል።

የጀፎረ ዓመታዊ ሥራ ከላይ ያየነውን ሐሳብ ያጠናክራል። በዝናቡ ወራት ሣሩ ያድጋል፤ በዚያው መጠን ኰቴና እግር ርጥቡን መሬት ያቦካዋል፣ ጎርፍም ይሸረሽረዋል። ዝናቡ ሲያባራና መስቀል ሲቃረብ ደጅና ጀፎረ ይጸዳል፤ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚኖረው ጉራጌ ለበዓሉ ወደ አገሩ ስለሚገባ መስኩ የሚታየውም በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ይበረታል፣ አፈሩ ይጠጥራል። የተቦረቦረን ለመሙላት፣ ቦይን ለመጥረግ፣ አረምን ከነሥሩ ለመንቀል የሚመቸው አፈሩ ገና ለስላሳ ሳለ ነው። የሣሩን ቁመት የሚጠብቀው ግጦሽ ነው፤ ከብቱ እየጋጠ መስኩን ያሳጥረዋል፣ አዛባውም ተጠርጎ ለእንሰቱ ይውላል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ ጀፎረ እና ጀፎሮ የሚሉ አጻጻፎች ይገኛሉ። የጉራጌ ቋንቋዎች እንደ ምዋ፣ ብዋ፣ ፍዋ፣ ፕዋ ያሉ ከንፈር የሚሳተፍባቸውን ድምፆች በስፋት ስለሚጠቀሙ፣ የተለመደው የአማርኛ ፊደል ሁሉንም በአንድ ምልክት ሊጽፋቸው አይችልም። ለሰባት ቤት ጉራጌ የተጨመሩት ፊደላት እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኒኮድ የፊደል መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። በጉራጌኛ ለሚጻፍ ጽሑፍ እነዚህ ፊደላት ተመራጭ ናቸው። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ግን ለአንባቢ የሚቀርበውን ጀፎረ የሚለውን አጻጻፍ ይዘናል።

5. ስለ ጎልፍ ሜዳ አመጣጥ

ጀፎረንና የጎልፍን ሜዳ ጎን ለጎን ማስቀመጣችን ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የጎልፍ ሜዳ ዛሬ የባለጸጋ መዝናኛ ተብሎ ቢታወቅም አነሣሡ ሌላ ነው። በስኮትላንድ ጨዋታው በባሕር ዳር በሚገኙ አሸዋማ የጋራ የሣር መስኮች ላይ ይካሄድ ነበር። የአገሪቱ ሸንጎ እ.ኤ.አ. በ1457 ጨዋታውን የከለከለው ሰዉን ከቀስት ልምምድ አስተጓጐለው በሚል ነበር። በሴንት አንድሩስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1552 ሊቀ ጳጳስ ጆን ሐሚልተን የሰጡት ጽሑፍ የከተማው ሕዝብ በመስኩ ላይ የመጫወትና በመስኩ የመጠቀም መብት እንዳለው ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በ1830 ኤድዊን በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ የሣር መቁረጫ መኪና እስኪፈጥር ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ የመስኩን ሣር ያሳጥሩት የነበሩት በጎችና ጥንቸሎች ናቸው።

እንግዲህ ሁለቱም የጋራ መስኮች ናቸው፤ ሁለቱም በእንስሳት አፍ የተስተካከሉ፣ በሕዝብ መብት የተጠበቁ ነበሩ። ለአንዱ የተፈጠረ ቃል ለሌላው የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው።

6. ሥራዎቹና ወጥመዶቻቸው

መሬቱ ሳይጠጥር በጎልፍ ሜዳ ላይ የሚሠሩትን ዋና ዋና ሥራዎች ከስያሜዎቻቸው ጋር እንመልከት።

የመጀመሪያው የሣሩ መቁረጥ ነው። «ማጨድ» ለሰብልና ለድርቆሽ የሚሆን ቃል ነው፤ ያጨደ ሰው የሚወስደው ነገር አለ። በሜዳ ላይ የሚፈለገው ግን የሚቀረው እንጂ የሚወሰደው ስላልሆነ፣ ለጠጉርና ለአጥር ተክል የምንጠቀምበት «መከርከም» ይሻላል። ብርዱ ሲቃረብ የመከርከሚያው ቁመት ጥቂት ከፍ ይደረጋል፤ ረዘም ያለ ቅጠል ብዙ ብርሃን ስለሚቀበል ለሥሩ ስንቅ ያከማቻል።

ሁለተኛው አየር ወደ አፈሩ እንዲገባ ማድረግ ነው። በሰው እግርና በመኪና የተጠቀጠቀው መሬት ባዶ ማእከል ባላቸው ችካሎች ይወጋል፤ ችካሎቹም ትንንሽ የአፈር ጉማጆችን ነቅለው ያወጣሉ። እዚህ ላይ ሥራውና ግቡ መለየት አለባቸው። ሥራው «መብሳት»፣ ግቡ «ማናፈስ» ነው። «አናፈሰ» ለእህልና ለቤት የተለመደ በመሆኑ ለአፈር መዋሉ ለማንም አይከብድም። በተበሳው ላይ ስስ አሸዋ ይበተንና ወደ ቀዳዳዎቹ ይጠረጋል፤ ይህን «አሸዋ ማልበስ» እንለዋለን። ገበሬው ለዘር አፈር ሲያለብስ የኖረበት ግስ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ተርጓሚ የሚደናቀፍበት ነው። በለምለሙ ሣርና በአፈሩ መካከል የሚከማቸውን የሞተ ግንድና ሥር እንግሊዝኛ የሚጠራው ለሣር ቤት ክዳን በሚጠቀምበት በዚያው ቃል ነው። መዝገበ ቃላት ከፍቶ የመጀመሪያውን ፍች የወሰደ ተርጓሚ «የሜዳው ክዳን ይነሣ» ብሎ ይጽፋል፤ ሠራተኛውም ለምለሙን ሣር ገፎ ሊጥለው ይችላል። «የሞተ ሣር ንጣፍ» ብንለው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ሥራውም «ማበጠር» ነው፤ ጥርስ ባለው መሣሪያ ይሠራልና።

አራተኛው ምግቡ ነው። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ከብርድ በፊት ከተሰጠ ሣሩ ለስላሳ ቅጠል ያወጣና በበረዶ ሥር ለሚያድግ ፈንገስ ይጋለጣል። ይህን በሽታ «የበረዶ ሻጋታ» ብንለው ይገባል። ዋግ የሚለው ቃል ግን ለእህል በሽታ የተለየ ስለሆነ እዚህ መግባት የለበትም። የረገፈው ቅጠል ከሜዳው የሚጠረገውም በከፊል ለዚሁ ነው፤ ሣሩን ከብርሃን ጋርዶ ርጥበት ስለሚይዝ ሻጋታን ይጋብዛል።

አምስተኛው የውኃው ነገር ነው። ውኃ ሲጠጥር በመጠኑ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ በቧንቧ ውስጥ ከቀረ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ በታመቀ አየር ግፊት ተጠርጎ እንዲወጣ ይደረጋል። «ማራገፍ» ለጭነትም ለውኃም የሚሆን፣ ሠራተኛው የሚያውቀው ቃል ነው። በሜዳው ገጽ ላይ የሚቋተውን ውኃ በቦይ ማውጣት ደግሞ «ማንጣፈፍ» ይባላል።

ስድስተኛው የሣሩ ሁኔታ ነው። ብርድ ሲመጣ ሣሩ ማደጉን ያቆማል፤ አልሞተም። ይህን «ሣሩ ተኛ» ማለት አይገባም፤ የተኛ ሣር በነፋስ ወይም በእግር የተጋደመ ነው። «ጦም አደረ» ማለትም አይሆንም፤ ጦም የሚያድረው ሳይዘራ የቀረ እርሻ ነው። «የሣር ዕረፍት» የሚለውን እናቀርባለን። አመዳይ በለበሰ ሣር ላይ መራመድ የጠጠረውን ቅጠል ይሰብረዋል፣ የጫማውም ኮቴ ቡናማ ሆኖ ለሳምንታት ይታያል። ስለዚህ ሜዳው ለጊዜው ይከለላል።

በመጨረሻ ስለ ሣሩ ስም አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በሞቃት አገር የስፖርት ሜዳዎች ላይ እጅግ የተስፋፋው፣ በመመሪያዎች «ቤርሙዳ» እየተባለ የሚጠራው ሣር የእኛው ሰርዶ ነው። ከደጃችን የበቀለውን ሣር በባዕድ ደሴት ስም መጥራት ለመዝገበ ቃላት ሥራ ነቀፌታ ነው። ሰርዶ ብርድ አይወድም፤ በቁር ጊዜ ይገረጣል። ስለዚህ የብርዱ አገር መመሪያ የሚናገረው ስለ የትኛው ሣር እንደሆነ ተርጓሚው አስቀድሞ ማጣራት አለበት።

7. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

1. መጠጠር፦ አፈር በውስጡ ያለው ውኃ በብርድ ጠጣር ሲሆን፣ ወይም ርጥበቱ በፀሐይ ሲያልቅ፣ ለመሣሪያ የማይበገር መሆን። «በቁር» ወይም «በፀሐይ» ተጨምሮ ይለያል።

2. ቁር፦ ውኃን የሚያጠጥር የብርድ ደረጃ።

3. ውርጭ፦ ተክልን የሚመታ የሌሊት ብርድ፤ እንዲሁም ከደጋ በላይ ያለ የአየር ጠባይ ቀጠና።

4. አመዳይ፦ በቁር ማለዳ በሣር ላይ ነጥቶ የሚታይ ስስ የበረዶ ልባስ።

5. የጉድጓድ ደጅ፦ በጎልፍ ሜዳ ኳሱ የሚገባበትን ጉድጓድ የሚከብ፣ እጅግ አጥሮ የተከረከመ ሣር። «ግሪን» ለሚባለው።

6. መኻል መስክ፦ ከመነሻው እስከ ጉድጓዱ ደጅ የሚዘልቅ የተከረከመ ሣር። «ፌርዌይ» ለሚባለው።

7. ዳር ሣር፦ ከመኻሉ መስክ ግራና ቀኝ ረዝሞ የሚተው ሣር። «ራፍ» ለሚባለው።

8. መከርከም፦ ሣርን ለመልኩና ለጤናው ሲባል በተወሰነ ቁመት መቁረጥ።

9. መብሳት፤ ማናፈስ፦ የመጀመሪያው መሬትን በችካል መውጋት፤ ሁለተኛው በዚህ መንገድ አየር ወደ ሥሩ እንዲደርስ ማድረግ።

10. አሸዋ ማልበስ፦ በሣር ላይ ስስ አሸዋ በትኖ ማስተካከል።

11. የሞተ ሣር ንጣፍ፤ ማበጠር፦ በለምለሙ ሣርና በአፈሩ መካከል የተከማቸው ግንድና ሥር፤ እርሱንም በጥርሳም መሣሪያ ማውጣት።

12. የሣር ዕረፍት፦ ሣር በብርድ ወይም በድርቅ ምክንያት ሕይወቱ ሳይጠፋ ዕድገቱን የሚያቆምበት ጊዜ።

13. ጀፎረ፦ በጉራጌ መንደር በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የሚገኝ፣ የማይታረስና በግል የማይያዝ፣ ለመተላለፊያ፣ ለግጦሽ፣ ለበዓልና ለሸንጎ በጋራ የሚያገለግል የሣር መስክ።

8. ስለ አንድ ፍች ዋጋ

የመጨረሻውን ስያሜ ፍች ያስረዘምነው በምክንያት ነው። ጀፎረን «መንገድ» ብሎ መፍታት ቀላል ነበር፤ ግን መንገድ ሊሰፋና አስፋልት ሊለብስ ይችላል። «ግጦሽ» ብንለው ሠርጉና ሸንጎው ይቀራል። «አደባባይ» ብንለው ሣሩ ይጠፋል። «ክፍት ቦታ» ወይም «ባዶ ቦታ» ከተባለ ደግሞ ትርጉሙ ፈጽሞ ይፈርሳል፤ ባዶ የተባለ ቦታ ባለቤት እንደሌለው ይቈጠራልና ለሚጠይቀው ሁሉ ሊሰጥ ይችላል። ጀፎረ ቤት ያልተሠራበት መስክ ነው፤ ነገር ግን መብት የሞላበት መስክ ነው።

ይህ ሥጋት ከወረቀት ውጭም አለ። በልዩ ልዩ ጥናቶች እንደተመለከተው፣ በየመንደሩ የጀፎረ ስፋት በግል አጥር፣ በባሕር ዛፍ ተክልና በግንባታ ሲገፋ ታይቷል። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ማእከል ሆነው ሲያድጉ፣ በዙሪያቸው ያለው ገጠር በካርታ፣ በፕላንና በይዞታ ሰነድ ላይ በአማርኛ ይመዘገባል። በሰነዱ ላይ የሚሰፍረውን ቃል የሚመርጠው ተርጓሚ ወይም ጸሐፊ ነው። ጀፎረ ከሚለው ስም ጋር ለዘመናት የተከበረው ክልከላ አብሮ ይሄዳል፤ ስሙ በሌላ ቃል ከተተካ ክልከላውን የሚያስታውስ ነገር በወረቀቱ ላይ አይኖርም። ስለዚህ ቃሉ በአማርኛ ሰነዶች ውስጥ ሳይተረጐም፣ ከነሙሉ ፍቹ እንዲገባ እናሳስባለን።

ከዚህ በላይ የቀረቡት ስያሜዎች ለውይይት የቀረቡ ናቸው። በተለይ በቸሃ፣ በእነሞር፣ በሙኽር፣ በክስታኔና በመስቃን የሚነገሩትን የሣር፣ የአፈርና የብርድ ቃላት የሚያውቁ አንባብያን ከእነዚህ የተሻለ ቃል ቢያገኙ ከአገባቡ ጋር ጽፈው ቢልኩልን በምስጋና እንቀበላለን። የቃል ሥራም እንደ መስክ ሥራ ጊዜ አለው፤ አንድ ስያሜ በመመሪያና በሰነድ ውስጥ ከጠጠረ በኋላ መንቀሉ አስቸጋሪ ይሆናል።